የቀንድ ውርስ በሥጋ ከብት እርባታ፦ ጥያቄና መልስ

ኮርማዬ ቀንድ የለውም፣ ላሞቼ ሁሉ ቀንዳም ናቸው። ከጥጆቹ ግማሽ ያህሉ ቀንድ አወጡ። ለምን?

እያንዳንዱ ጥጃ ቀንድን ከሚወስነው ዘረመል (ጂን) ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል። የቀንድ አልባነቱን ቅጂ «አ»፣ የቀንዱን «ቀ» እንበላቸው። «አ» ገዢ ስለሆነ አንዱ ብቻ ቢገኝ ቀንድ አይበቅልም። ስለዚህ «አአ» የሆነውም «አቀ» የሆነውም ኮርማ አናቱ ባዶ ነው፤ በዓይን አይለዩም። የእርስዎ «አቀ» ነው። ቀንዳም ላም ደግሞ «ቀቀ» ናት፤ ከእሷ የሚወለደው ጥጃ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ኮርማ ሲገዙ «ቀንድ አለው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ቅጂ ይዟል?» ብለው ይጠይቁ።

ያለ ላቦራቶሪ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ቀንዳም ላሞችን ያስጠቁት። አንድ ቀንዳም ጥጃ ከተወለደለት «አቀ» መሆኑ ተረጋገጠ። አምስቱም ጥጆች ቀንድ አልባ ቢሆኑ ግን አይቸኩሉ፤ «አቀ» ኮርማም ከ32 አንዴ እንዲህ ሊወጣለት ይችላል። ሰባት ሲሞሉ ከ128 አንዴ ይሆናል፣ ይህ በቂ ነው። ላሞቹ ራሳቸው «አቀ» ከሆኑ ግን ለተመሳሳይ እርግጠኝነት 17 ጥጃ ያስፈልጋል፤ ያኔ ምርመራው ይሻላል።

ለምርመራው ምን ይላካል?

ከጭራው ጫፍ ከ20 እስከ 30 ፀጉር፣ ከነሥሩ የተነቀለ። በመቀስ የተቆረጠ አይጠቅምም፤ የሚመረመረው ሥሩ ነው። እበት ያልነካው፣ ደረቅ ይሁን፤ የከብቱ ቁጥር በተጻፈበት የወረቀት ፖስታ ያስቀምጡት። ላቦራቶሪው ሁለቱን የ«አ» ዓይነቶች፣ ሴልቲክ የሚባለውንም ፍሪዥያን የሚባለውንም፣ የሚመረምር መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለቱም ቀንድ ያስቀራሉ፤ አንዱን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ሌላውን የያዘ ኮርማ ሲገጥመው ያሳስታል።

ወይፈኔ አናቱ ላይ ትንሽ ቀንድ መሳይ ነገር አወጣ፣ ሲነኩት ይወዛወዛል።

ስከር ይባላል። እውነተኛ ቀንድ ከራስ ቅሉ አጥንት ጋር ይጣበቃል፣ ይህ ግን ከቆዳው ጋር ብቻ ስለተያያዘ በጣት ሲገፉት ይንቀሳቀሳል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው «አቀ» በሆኑት፣ ከላሞች ይልቅ በወንዶቹ ላይ ነው። ጥጃው ገና ሳለ አይፍረዱ፤ የእውነተኛ ቀንድ እምቡጥም እስከ ሁለት ወር ገደማ አጥንቱን አይዝም።

ሁለት ቀንዳም ወላጆች ቀንድ አልባ ጥጃ ይወልዳሉ?

«ቀቀ» ከ«ቀቀ» ቢገናኝ «አ» ከየት ይመጣል? መጀመሪያ የአባትነት መዝገቡን ይፈትሹ፤ ሌላ ኮርማ አጥር ዘሎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የጥጃውን አናት በእጅዎ ይዳስሱ። በተፈጥሮው ቀንድ የሌለው መሐል አናቱ ሾጠጥ ይላል፤ በልጅነቱ እምቡጡ የተተኮሰ ከሆነ ግን አናቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ግራና ቀኝ ፀጉር ያልበቀለበት ጠባሳም ያገኛሉ። የተተኮሰ ኮርማ ቀንዱን እንደ ማንኛውም ቀንዳም ለልጆቹ ያወርሳል።

ቀንድ አልባነት ሥጋውን ይቀንሳል?

አይቀንስም። አንገስ የተባለው የሥጋ ከብት ዝርያ ቀንድ የለውም፤ ሥጋውም የታወቀ ነው። የሚያሰጋው ቀንድ አልባ ለማግኘት ሲባል ጥቂት ኮርማዎችን ብቻ ደጋግሞ መጠቀም ነው፤ ያኔ ዝምድናው ይጠብቃል። በዕድገቱና በእግሩ ጥሩ የሆነ «አቀ» ኮርማ ከደካማ «አአ» ይበልጣል።