መሣሪያ ከማስመጣትህ በፊት ጄኔሬተሩን ወደ ፊት ግፋው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ፒያሳ ላይ ድንኳን፣ ወንበርና የድምፅ መሣሪያ ታከራያለህ፤ ደብል ጋቢና ፒክአፕህ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ይጎትታል። ከተማ ውስጥ ምንም እንከን የለውም፤ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ፍጥነቱ 80 ሲያልፍ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ መሪውን ከእጅህ ሊነጥቅህ ይደርሳል። መወዛወዝ የሚከላከለውን ዘንግ ከዱባይ ላስመጣ ወይ ነው ጥያቄህ። አሁን አታስመጣ። በላክኸው ፎቶ ላይ ጄኔሬተሩ ከኋላው መዝጊያ ጋር ተጠግቶ ተቀምጧል፤ በሽታው ያለው እዚያ ነው።

ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ይገባኛል፤ በዚሁ ሥራ ለዓመታት ጎትቻለሁ። ቦታው ሲደረስ መጀመሪያ የሚፈለገው ጄኔሬተሩ ነው፤ መጀመሪያ የሚወርድ መጨረሻ ይጫናል፣ መጨረሻ የተጫነ ደግሞ ከኋላ ይቀራል። ጫኝና አውራጆቹ ለወገባቸው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። በመንገድ ላይ ተጠያቂው ግን ሹፌሩ ስለሆነ የጭነቱን ቅደም ተከተል መወሰን ያለበትም እሱ ነው።

ተሳቢ ከአክስሉ ኋላ ሲከብድ መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል። ነፋስ ወይም የመንገድ ጉብታ ትንሽ ወደ ጎን ሲገፋው፣ ጫፉ ላይ ያለው ክብደት ተሳቢው ቶሎ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ያደርገዋል። ፍጥነቱ ዝቅ ሲል እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው እያነሰ ይጠፋል፤ ከአንድ የፍጥነት ልክ በላይ ግን እያንዳንዱ ከቀደመው እየበለጠ ይሄዳል። ስለዚህ «ከተማ ውስጥ ምንም አይለው» ያልከው ምንም አያረጋግጥም። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር፣ ከዚያም እስከ መስቀል አደባባይ ባለው የመኪና ጭንቅንቅ ማንም ተሳቢ ጨዋ ነው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። መጎተቻው ላይ ማረፍ ያለበት ክብደት፣ ተሳቢው ከነጭነቱ ከሚመዝነው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ባዶው ተሳቢ 350 ኪሎ፣ ጄኔሬተሩ 450፣ ድንኳኑና ብረቱ 300 ነው እንበል፤ ድምሩ 1,100 ይሆናል፤ አፍንጫው ላይ፣ ማለትም መጎተቻው ላይ በሚያርፈው የተሳቢው ጫፍ፣ ቢያንስ 110 ኪሎ ያስፈልጋል። ከመጎተቻው እስከ አክስሉ 3 ሜትር ቢሆን፣ ያንን ጄኔሬተር ግማሽ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ስትገፋው አፍንጫው ላይ 75 ኪሎ ትጨምራለህ። ልታስመጣው ያሰብከው ዘንግ ይህን ክብደት አይጨምርልህም። ጄኔሬተሩ ከአክስሉ በላይ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ይቀመጥ፤ ወንበሩና ሸራው ወደ ኋላ ይሂድ። በር ላይ ወንበር አንስቶ ጄኔሬተር ማውረድ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

በዓይን አትገምት፣ መዝነው። አጠቃላዩን ክብደት የመኪና ምድር ሚዛን ላይ፣ የአፍንጫውን ደግሞ በቤት ሚዛን ማወቅ ይቻላል። የቤት ሚዛኑ ልኩ እንዳያልፍበት ጠንካራ ጣውላ አንዱን ጫፍ በጡብ ላይ፣ ሌላውን በሚዛኑ ላይ አሳርፍ። ተሳቢውን ሜዳ ላይ አቁመህ ጎማውን በድንጋይ ካስያዝክ በኋላ የተሳቢውን አፍንጫ፣ ከጡቡ በኩል የርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ አሳርፈው። ሚዛኑ ያሳየህን በ3 አባዛው። አፍንጫው በመጎተቻው ከፍታ ልክ ይሁን፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል። በጣም አክብደህ ደግሞ የፒክአፑን ጀርባ አታስረግጠው፤ የፊት ጎማዎች ይቀሉና መሪው ይለሰልሳል።

ከእኔ በፊት መልስ የሰጠው ወንድማችን «ሲወዛወዝ ነዳጅ ስጠው፣ ይስተካከላል» ብሏል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ለቅጽበት ተጎትቶ የተስተካከለ ይመስላል፤ ነገር ግን ችግሩን ወዳባሰው ፍጥነት ራስህን እየጨመርክ ነው። ከመሃል አዲስ አበባ እስከ አዳማ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ቁልቁለት ላይ የጨመርከው ፍጥነት በቀላሉ አይመለስልህም። እግርህን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለህ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ውዝዋዜውን በመሪ ለማሳደድ አትሞክር፣ የፒክአፑን ፍሬን አትርገጥ። ተሳቢው ለብቻው በእጅ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው እሱን ብቻ ነካ አድርገው፤ ከኋላ ሆኖ ይጎትትና ያቀናዋል። ዝቅተኛ ማርሽ ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው የሚገባው።

ፍሬን ካነሳን አይቀር፣ ፎቶው ላይ ተሳቢህ ፍሬን ያለው አይመስልም። በብዙ አገር ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ በላይ እንዲጎተት አይፈቀድም፤ ያንተው ከዚያ በእጅጉ ያልፋል። ገንዘብ ልታወጣ ካሰብክ ለዘንጉ ያሰብከውን እዚህ ላይ አውለው። ፒክአፑ ሲቆም ተሳቢው በራሱ ግፊት የሚይዝ ፍሬን አለ፤ ጥሩ መካኒክ ይገጥመዋል።

ጎማውን ጎሚስታው በእግሩ መትቶ «ይበቃል» ሲልህ አትመን። ኮብልስቶን ላይ እንዳይንጠን ብለን የኋላውን ጎማ ማለስለስ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ስትጎትት ግን የለሰለሰ ጎማ ጎኑ ስለሚታጠፍ የፒክአፑ ጀርባ አብሮ ይዋልላል። በመኪናው መጽሐፍ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ልክ ሙላ። የመጎተቻው ኳስ ላይ የተቀረጸውንም መጠን አንብብ፤ 50 ሚሊ ሜትር በሚፈልግ ጭብጥ (ኳሱን በሚይዘው የተሳቢው አፍ) ውስጥ 47.6 የሆነውን ትንሹን ኳስ ማስገባት ነቅሎ የመውጣት አደጋ አለው።

አዳማ ስትቃረብ ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ታያለህ። ያለ ምክንያት አልተተከሉም፤ እዚያ 70 ላይ ቆይ፣ ትልልቅ አውቶቡስ ሲያልፍህም የሚገፋህን አየር ጠብቅ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም በ80 ከዋለለ ያን ጊዜ ዘንጉን ግዛ። ይሠራል፤ በሰበቃ ውዝዋዜውን ያደክመዋል። ኳሱን ራሱን እንደ ፍሬን ሸራ ባለ ነገር ጨምቆ የሚይዘውን ዓይነት ከመረጥክ ግን ኳሱ ግራሶ አይነካውም፤ ለረዳትህ አስቀድመህ ንገረው። በዘንግ የሚሠራውን ደግሞ ወደ ኋላ ከመሄድህ በፊት መፍታት አለብህ፤ ጠባብ መንገድ ላይ ሳትፈታው ወደ ኋላ ብትጠመዝዝ ዘንጉ ይጣመማል።