ራቢን የተገደለበት ምሽት በሙዚየም ውስጥ

እስራኤላዊው ፊልም ሠሪ አሞስ ጊታይ በጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ግድያ ላይ በ2015 ፊልም ሠርቶ ነበር። በ2016 ደግሞ ያንኑ ጉዳይ በሮምና በብራስልስ ለሕዝብ ዐውደ ርዕይ አድርጎ አቀረበው። ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከአንባብያን ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን እንመልሳለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ የፖለቲካ ግድያ ላይ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አለኝ። ሙዚየም ውስጥ አንድ ክፍል ይዤ እንዳለ ባሳየው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰዓቱ በዳይሬክተሩ እጅ ነው። በሙዚየም ግን ጎብኚው ከመካከል ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ያያል፣ ይወጣል። ረጅም ፊልም በዚህ አኳኋን ሲታይ ጎብኚው ይዞት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ተኩሱን ብቻ ነው፤ ግድያው ከየት እንደመጣ ሳይገባው ይቀራል። ስለዚህ ፊልሙን በትነው በክፍሎች እንደገና ያቀናብሩት። የትኛው ምስል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚታይ የሚወስነው ከእንግዲህ የበሮቹ አቀማመጥ ነው።

በራቢን ጉዳይ ስድስት ክፍል ቢኖርዎት ሦስቱን ከግድያው በፊት ለነበሩት ወራት እንዲሰጡ እንመክራለን። በእስራኤልና በፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት መካከል የተደረገው የኦስሎ ስምምነት በ1993 ተፈረመ፤ ሁለተኛው ስምምነት በሴፕቴምበር 28 ቀን 1995 ተከተለ። ከሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 5፣ በኢየሩሳሌም ጽዮን አደባባይ በተደረገው የተቃውሞ ሰልፍ ራቢንን የናዚ ኤስ ኤስ የደንብ ልብስ ለብሶ የሚያሳይ ምስል ተበተነ፤ «ከሃዲ» የሚል ጩኸትም ተሰማ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተገደለው ልክ በሠላሳኛው ቀን ነው። ይህን የጊዜ ርቀት ጎብኚው በእግሩ እንዲያልፈው ያድርጉ፤ የሰልፉን ምስሎች አንዱን ግድግዳ ለብቻቸው ይስጧቸው፣ ቀኖቹን በትልቁ ይጻፉ።

እያንዳንዱ ተደጋጋሚ (እያለቀ እንደገና የሚጀምር) ምስል ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይሁን፤ ርዝመቱን በር ላይ ይግለጹ። ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ ሁለቱ ፋይሎች በፍሬም (ቪዲዮው በተሠራበት ነጠላ ምስል) ቁጥር እኩል መሆን አለባቸው። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚሄድ የ6 ደቂቃ ፋይል 9,000 ፍሬም አለው። አንደኛው 8,999 ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር የሰከንድ 25ኛ ይቀድማል፤ ከ10 ሰዓታት በኋላ ልዩነቱ 4 ሰከንድ ይደርሳል። ፋይሎቹ እኩል ቢሆኑም ሁለት ማጫወቻዎች በየራሳቸው ሰዓት ሲሠሩ ቀስ በቀስ ይለያያሉና በኔትወርክ የሚናበቡ ማጫወቻዎችን ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የግድያው ቅጽበት የተቀረጸበት ምስል መታየት አለበት?

መልስ፦ አንድ ጊዜ፣ በትንሽ ስክሪን፣ በተፈጥሮ ፍጥነቱ መታየት አለበት እንላለን። ግድግዳ በሚያህል መጠን ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ግን ሞቱ ጌጥ ይሆናል፤ ይህን ለሟቹም ለቤተሰቡም አንመኝም።

ኖቬምበር 4 ቀን 1995 ምሽት፣ በቴል አቪቭ የእስራኤል ነገሥታት አደባባይ ከተደረገው የሰላም ሰልፍ በኋላ፣ ራቢን ወደ መኪናው ሲያመራ የሕግ ተማሪው ይጋል አሚር ሦስት ጊዜ ተኮሰበት። ሁለቱ ጥይቶች ራቢንን መቱ፤ ሦስተኛው ጠባቂውን አቆሰለ። ሁኔታውን አንድ አማተር ከላይ ሆኖ በቪዲዮ ቀርጾት ነበር፤ ምስሉ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በቴሌቪዥን ቀረበ። በዚህ ምስል ላይ የደረሰው ጉዳት የቀረጻው ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በዝግታ እየመላለሱ አንዷን እንቅስቃሴ ከቦታዋ እየነጠሉ ሲያዩት የሤራ መላምት ፈለፈለ። ስለዚህ በዝግታ አያሳዩት። ዘመናዊ የማዝገሚያ ሶፍትዌር በሁለት ፍሬሞች መካከል ያልተቀረጸ ፍሬም ራሱ ፈጥሮ ያስገባል፤ ያ ፍሬም ማንም ያላየው ነገር ነው።

ማስጠንቀቂያውን ከክፍሉ በር ላይ ሳይሆን ጎብኚው ሌላ መንገድ ሊመርጥ ከሚችልበት ቦታ አስቀድመው ይለጥፉ፤ ሳያይ ማለፍ የሚፈልግ ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚወስደው መተላለፊያ ይኑር። ሕፃናት ይዘው የሚመጡ ወላጆች ይህን አጥብቀው ይፈልጉታል።

ጥያቄ፦ የ1995 የቴሌቪዥን ካሴቶችን ለትልቅ ስክሪን እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ በዚያ ዘመን በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ ምስል ስፋቱ ለቁመቱ 4 ለ 3 ነው፤ ወደ 16 ለ 9 አይለጥጡት፣ ከላይና ከታችም አይቁረጡት። ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን።

ፓል በሰከንድ 25 ፍሬም ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፍሬም በተለያየ ቅጽበት የተወሰዱ ሁለት ግማሾች አሉት፤ በሰከንድ 50 ቅጽበት ማለት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ለማቅለል አንዱን ግማሽ ይጥሉታል። የጥይት ብልጭታ በአንዱ ግማሽ ላይ ብቻ ሊኖር ስለሚችል እንዲህ ያለ ቅየራ ማስረጃ ይሰርዛል። ወደ 50 ሙሉ ፍሬም የሚቀይር ዘዴ ይምረጡ፤ ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ምስሉን «ማጥራት» ግን በፍጹም! የደበዘዘውን ፊት በሌላ ፊት ይተካዋል።

ለ4 ሜትር በ3 ሜትር ምስል በጨለማ ክፍል ወደ 1,900 ሉመን (የፕሮጀክተር የብርሃን መለኪያ) ይበቃል። ባለ 16 ለ 9 ፕሮጀክተር ግን 4 ለ 3 ምስል ሲያሳይ ከብርሃኑ ሦስት አራተኛውን ብቻ ስለሚጠቀም 2,500 ይያዙ። ከአጎራባች ክፍል ብርሃን የሚገባ ከሆነ እጥፉን ያስቡ።

ድምፅ ብዙ ዐውደ ርዕዮችን ያበላሻል። የሰልፈኞቹ ጩኸት ሞቱ ከሆስፒታሉ በር ላይ በተነገረበት ክፍል ውስጥ ከተሰማ ሁለቱም ይጠፋሉ። ክፍት ስፒከር ለአንድ ክፍል ብቻ ይፍቀዱ፤ ለሌሎቹ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ በመግቢያው ላይ የሚታጠፍ ኮሪደር።

ጥያቄ፦ በተዋናዮች የተሠራ ትዕይንትን ከእውነተኛ ቅጂ ጋር ማቀላቀል ጎብኚውን አያታልልም?

መልስ፦ ካልተለየ ያታልላል። የጊታይ ፊልም የማኅደር ምስሎችንና ተዋናዮች የሠሩትን ያቀላቅላል፤ የተዋናዮቹ ክፍል በሻምጋር አጣሪ ኮሚሽን ፊት የተሰጡ ምስክርነቶችን መሠረት ያደርጋል። ኮሚሽኑ ሪፖርቱን በማርች 1996 ያቀረበ ሲሆን ዋና ሥራው የጥበቃውን ጉድለት ማጣራት ነበር፤ ስለ ጥላቻ ቅስቀሳው እንዲመረምር አልተቋቋመም። ለእኛ የተዋናዮች ትዕይንት ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ ካሜራ ያልገባበትን ክፍል፣ የተጻፈውን ቃል ሳይለውጡ ማሰማት። ከስክሪኑ ሥር «በ1995 የተቀረጸ» ወይም «ከኮሚሽኑ ቃለ ጉባኤ፣ በተዋናዮች» ብለው ይጻፉ። የተዋናዮቹን ምስል አስመስሎ ለማስረጀት ጭረት መጨመር የሚፈቀድ አይደለም።

ጥያቄ፦ «የጋራ ትውስታ» ሲባል የማን ትውስታ ነው? ገዳዩስ ይታይ?

መልስ፦ ትውስታው አንድ አይደለም፤ ዐውደ ርዕዩም አንድ ነው ማለት የለበትም። ቀኑ እንኳ ሁለት ነው። የአይሁድ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ በመሆኑ የቅዳሜ ምሽቱ ግድያ ሄሽቫን በሚባለው የአይሁድ ወር 12ኛ ቀን ላይ ይውላል፤ በ1997 የወጣው ሕግም የመታሰቢያ ቀኑን በዚሁ አቆጣጠር ወሰነ። ሌሎች ደግሞ ኖቬምበር 4ን ይዘው በየዓመቱ ዛሬ በራቢን ስም በሚጠራው አደባባይ ይሰበሰባሉ። በግድያው ሰሞን ሻማ ይዘው አስፋልት ላይ የተቀመጡት ወጣቶች የሚያስታውሱት የሰላም ሰው ነው። በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን ሕዝባዊ አመፅ) ዘመን የኖሩ ፍልስጤማውያን ግን ራቢንን የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ ያውቁታል። ሁለቱም በራሳቸው ድምፅ ይናገሩ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት፤ በአስታራቂ ተራኪ ድምፅ አያጣብቋቸው።

የገዳዩን ስም በጽሑፍ ይግለጹ፤ የዕድሜ ልክ እስራት እንደተፈረደበትም ጭምር። ምስሉን በትልቁ መስቀል ግን አያስፈልግም፤ ከዐውደ ርዕዩ የሚወሰደው ፎቶ የእሱ ይሆናልና።

ወረቀቶችና በራሪ ጽሑፎች ከ50 ሉክስ (በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) በማይበልጥ ብርሃን ይቀመጡ፤ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ ዋናውን አንሥተው «ቅጂ» የሚል ምልክት ያለበት ግልባጭ ይተኩ። በራቢን ኪስ የተገኘውን በደም የተነከረ የሰላም መዝሙር ወረቀት በግልባጭ የሚያሳዩ ከሆነም እንዲሁ ይጻፉበት።