አራት ሰው ተገትሮ ለማየት ትኬት ይገዛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ወር ወንድሜን ልጠይቅ ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ እሄዳለሁ። እሱ ደግሞ ሳይነግረኝ ክራፍትቨርክ የሚባል የጀርመን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ኮንሰርት ትኬት ገዝቶልኛል። ዩቲዩብ ላይ አየኋቸው። አራት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተገትረዋል። አይጨፍሩ፣ አይስቁ። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ። እውነት ይሄ ላይቭ ይባላል? ወይስ ሲዲ ከፍተው ነው የሚቆሙት? ወንድሜን «ሽጠው» ልበለው? (የሳሪሷ)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ትኬቱ ይቀመጥ።

እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። በ2007 ዓ.ም. በርሊን ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ገናን እዚያው ዋልኩ። ማታ ላይ ዶሮ ወጡን በልቼ፣ ሆዴ ተነፍቶ፣ እንቅልፌ መጥቶ ሳለ አንድ ጓደኛዬ ጎትቶ ኖየ ናሲዮናልጋለሪ የሚባል ዙሪያውን መስታወት የሆነ ሙዚየም ወሰደኝ። ክራፍትቨርኮች እዚያ ስምንት ምሽት በተከታታይ፣ በየምሽቱ አንድ አልበም ሙሉውን ይጫወቱ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ሁለተኛው ምሽት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት፣ ስለ ራዲዮና ስለ ኑክሌር ጨረር የሚያወራው አልበም። በር ላይ ባለ 3ዲ የወረቀት መነጽር አደሉን (አሁን ሁሉም ኮንሰርት ላይ አይሰጥም፣ እንዳትጠብቂ)። የቸርኖቤልና የፉኩሺማ ስም ሲጠራ ምስሉ ከስክሪኑ ወጥቶ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ባሱን በጆሮ አይደለም የምትሰሚው፣ ደረትሽ ውስጥ ነው የሚመታው። እንቅልፌ በኖ ጠፋ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ ኮምፒዩተር አለ። ብዙው ቢት አስቀድሞ የተሰናዳ ነው፣ ምን ያስደብቃል? ግን የቡድኑ መሪ ራልፍ ሁተር ዋናውን ዜማ እዚያው በኪቦርድ ይጫወታል፣ ይዘፍናልም፤ ሁለቱ ድምፁን እየቀያየሩ፣ እየጨመሩና እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ አራተኛው ሥራው ከኋላ የምታይው ምስል ነው። ሠርግ ላይ ኪቦርዲስት አይተሽ አታውቂም? አንድ ሰው ከበሮውንም ባሱንም ማሽኑ ላይ ጭኖ፣ በቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ ድንኳኑን ሙሉ ሲያስጨፍር «ይሄማ ላይቭ አይደለም» ብሎ ጥሎ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። የኛው ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ካሴት አውጥቷል። ዛሬም ድረስ ይደመጣል።

መገተራቸውን ደግሞ ሆን ብለው ነው የሚያደርጉት። ሁተርና በ2020 እ.ኤ.አ. ያረፈው ፍሎሪያን ሽናይደር ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ1970 ዱሰልዶርፍ ሲመሠርቱ የሮክ ጊታሪስቶች መድረክ ላይ የሚንከባለሉበት ዘመን ነበር። እነሱ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸሚዝና ክራቫት አድርገው፣ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ማሽናቸው ፊት መቆምን መረጡ። ለብዙ ዓመታት እንዲያውም አንድ ዘፈን ላይ ሰዎቹ ጠፍተው በቦታቸው ሮቦቶች ብቻ ይቆሙ ነበር። ያንቺን ጥያቄ ካንቺ በፊት እነሱ ራሳቸው ቀልደውበታል ማለት ነው።

ቦታ ስትይዢ ወደ ፊት አትጋፊ። ስክሪኑ ሙሉ የሚታይሽ መሐል ላይ ሁኚ። ጆሮ መድፈኛም ያዢ። ጭፈራው ብዙም የለም፣ አብዛኛው ፀጉሩ የሸበተ ጀርመናዊ ነው፣ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። እስክስታ ካማረሽ ግን ማን ይከለክልሻል!

አንድ ቀን ከተረፈሽ ወንድምሽን ዱሰልዶርፍ ውሰደኝ በይው፤ ከኮሎኝ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከዋናው ጣቢያ ወጥታችሁ ትንሽ በእግር ስትሄዱ ሚንትሮፕሽትራሰ 16ን ታገኛላችሁ። ክሊንግ ክላንግ የሚባለው ስቱዲዮአቸው ለአሥርተ ዓመታት እዚያ ነበር። ሙዚየም እንዳይመስልሽ፣ ተራ ሕንፃ ነው። ያን ሁሉ ድምፅ እዚህ ነው የፈጠሩት ብለሽ ትገረሚያለሽ፣ በቃ።

ብቻ ኮንሰርቱ ሳያልቅ እንዳትወጪ። መጨረሻው ዘፈን ላይ አንድ በአንድ ሶሎ ይጫወቱና ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደው፣ እጅ ነስተው ይወጣሉ። ሁተር ብቻውን ይቀራል። እነሱ እየወጡ ሙዚቃው ሲሳሳ፣ የቱ ድምፅ ከማን እጅ ይመጣ እንደነበር ያኔ ትለያለሽ። ወንድምሽ ባቡር ያመልጠናል ቢልሽ እንኳ አትነሺ።