እናቴ በሁለት ወር ሁለቴ ወደቀች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የደም ግፊት ስላለባት ሁለት ዓይነት ኪኒን ትወስዳለች። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቀች። አንዴ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ፣ አንዴ ደግሞ ጠዋት ከስግደት ቀና ስትል። እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዳችም። ጎረቤቱ ሁሉ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። እውነት የሚደረግ ነገር የለም?

መልስ፦ አለ፣ ብዙ አለ። እንኳንም ተረፉ። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ይወድቃል። ይህን ያህል የተለመደ ስለሆነ ነው ሰው «እርጅና ነው» ብሎ የሚያልፈው። ግን አንዴ የወደቀ ሰው እንደገና የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ አሁኑኑ ምክንያቱን እንፈልግ።

ደብዳቤዎ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ሁለቱም ጊዜ የወደቁት ሲነሱ ነው። ስንቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል። የወጣት ደም ሥር ቶሎ ጠበብ ብሎ ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ይዘገያል። በዚያ ላይ የግፊት ኪኒን፣ በተለይ የሚያሸናው ዓይነት፣ ወይም የውሃ ጥም ሲጨመርበት ዓይን ጭልም ይላል፤ እግርም ይከዳል።

ይህን ማወቅ ቀላል ነው። እናትዎ 5 ደቂቃ ይጋደሙና ግፊታቸው ይለካ። ከዚያ ይቁሙና በ1 ደቂቃ፣ እንደገናም በ3 ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ጤና ጣቢያም ይሠራል። እኛ ሐኪሞች ወረፋ ሲበዛብን ሰውን አስቀምጠን ብቻ ለክተን እንሸኛለን። ስለዚህ «ቆመውም ይለኩልን» ብለው ይጠይቁ።

ግን አደራ፣ ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ግፊት ሲለቀቅ ስትሮክ ያመጣል። መጠኑን ወይም ሰዓቱን የሚያስተካክለው ሐኪማቸው ነው።

ጾምንም አትደብቁት። ብዙ እናቶች በጾም ኪኒኑን ወደ ማታ ያሸጋግሩታል፤ አንዳንዶቹ እስከ ፋሲካ ይተዉታል፤ ለሐኪም ግን ትንፍሽ አይሉም። ቢናገሩ ለአጿጿማቸው የሚስማማ መድኃኒት ልንፈልግላቸው እንችላለን። ሲሰግዱም በአንዴ ብድግ አይበሉ። መጀመሪያ በጉልበታቸው ትንሽ ይቆዩ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይነሱ።

ለሌሊቱ ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ፖፖ አልጋው ሥር ይቀመጥላቸው። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ትራስጌ ይኑር። ጫፉ የተቀለበሰ ምንጣፍና የላላ ነጠላ ጫማ ከቤት ይውጣ። የእንቅልፍ ኪኒን ይወስዱ እንደሆነም ይጠይቋቸው፤ እሱም ይጥላል።

ዓይናቸውንም ያሳዩ። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ በአጭር ቀዶ ሕክምናም ይገፈፋል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ።

አሁን ወደ እግራቸው ልምጣ። አዛውንት ሲመጡ እኔ መጀመሪያ የማየው ከወንበር አነሳሳቸውን ነው። ጭናቸውን በእጃቸው ገፍተው፣ «እሰይ» ብለው ከተነሱ፣ የጭናቸው ጡንቻ መሳሳቱን አውቃለሁ። ደስ የሚለው፣ ጡንቻ በ80 ዓመትም ካሠሩት ይጠነክራል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስደግፉላቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሱ፣ ይቀመጡ። ካቃታቸው በእጃቸው ይደገፉ። ከ5 ጀምረው ወደ 10 ያሳድጉት፤ ጠዋትና ማታ። አቦል እስኪፈላ ያልቃል። መጀመሪያ ሰሞን አጠገባቸው ይቁሙ። ከሁሉም በላይ ይህን አደራ የምልዎ፣ ወጪ ስለሌለውና ብዙ ሰው ስለሚንቀው ነው።

የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሴት አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። ጤፍ ካልሲየም ስላለው እንጀራው ይረዳቸዋል። ካልሲየሙ ወደ አጥንት እንዲደርስ ግን ፀሐይ ያስፈልጋቸዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ጋቢ አከናንቦ ቤት ያስቀምጣል። ረፋድ ላይ ክንዳቸውን ገልጠው ደጅ ይቀመጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንደገና ቢወድቁስ? እየጎተታችሁ አታንሷቸው። ብሽሽታቸውን ካመማቸው፣ አንዱ እግራቸው አጥሮ መዳፉ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። ወጌሻ እንዳያሻቸው፤ እንዲቆሙም አይሞክሩ። ጭንቅላታቸው ተመትቶ ራስ ምታት ከጸናባቸው፣ ካስታወካቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ፣ በተለይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።