መልስ፦ የዮሐንስ ራእይን ሳነብ እፈራለሁ

እህቴ፣ «ራእይን ባነበብኩ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ፤ ዓለም ከእግዚአብሔር እጅ የወጣ ይመስለኛል» ብለሻል። ብዙ ሰው ከምዕራፍ 6 ፈረሰኞች ይጀምርና ይደነግጣል። እስቲ ምዕራፍ 5ን አስቀድሚ። ዮሐንስ በሰባት ማኅተም የታተመውን መጽሐፍ የሚከፍት ጠፍቶ ሲያለቅስ፣ የታረደው በግ፣ ማለትም ክርስቶስ፣ መጥቶ በዙፋኑ ላይ ከተቀመጠው እጅ ይወስደዋል። ማኅተሞቹንም አንድ በአንድ የሚፈታው እሱ ነው። እሱ ሳይፈታ አንድም ፈረሰኛ ንቅንቅ አይልም። ምዕራፍ 13 ላይ የእግዚአብሔር ጠላት የሆነው አውሬ እንኳ የተሰጠው 42 ወር ብቻ ነው። የሚፈርደውም ስለ አንቺ የሞተው ራሱ ነው፤ እኔን የሚያሳርፈኝ ይሄ ነው። ለዓለም መጨረሻ ቀን ቆርጠው የሚያስፈራሩሽን የዩቲዩብ ሰባኪዎች ግን ተያቸው። ማቴዎስ 24፥36 ከአብ በቀር ቀኑን የሚያውቅ የለም ይላል። ደግሞ ለጊዜው ማታ ማታ አታንብቢው፤ ጠዋት ይሻልሻል።