ዋናው ልጅ ሲጎዳ ተስፋ ይቆረጣል ወይ? ለጠየቁን እናት

ሰላም እህታችን። ጥያቄዎን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። ልጅዎ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ በትንንሾቹ ኮሌጆች ምድብ፣ በዲቪዥን ሦስት፣ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። የቡድኑ ዋና ፖይንት ጋርድ፣ ኳሱን አውጥቶ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ፣ ባለፈው ቅዳሜ እጁ ተሰብሯል። የኮንፈረንሱ፣ ማለትም ኮሌጁ ያለበት ሊግ፣ ቶርናመንት ሊጀመር አሥር ቀን ቀርቶታል። እስካሁን ወንበር ላይ የነበረውን የእርስዎን ልጅ ደግሞ አሰልጣኙ ጠርቶ "ከእንግዲህ ኳሱን የምታወጣው አንተ ነህ" ብሎታል። ልጁ እንቅልፍ አጥቷል፤ እርስዎም አብረውት። "ዓመቱ አለቀ ማለት ነው? ለልጄስ ምን ልበለው?" ብለው ጠይቀዋል።

እኔ ተጫዋች አልነበርኩም። ኦሃዮ ውስጥ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ስማር አራት ዓመት ሙሉ የቡድኑን ስታትስቲክስ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከአሰልጣኞቹ ጎን ተቀምጬ እያንዳንዷን ኳስ እጽፍ ነበር። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ እናንተን የገጠማችሁ ነገር እኛንም ገጠመን። ያየሁትን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ እናውራ። ዲቪዥን ሦስት ላይ አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር የሚጫወተው ቢበዛ 25 ጨዋታ ነው። ወደ ብሔራዊው ቶርናመንት የሚገቡት ደግሞ 64 ቡድኖች ናቸው። መግቢያው ሁለት ነው። የኮንፈረንሱን ቶርናመንት ያሸነፈ በቀጥታ ይገባል። ያላሸነፈ ተመርጦ መግባት ይችላል፤ ይሄኛው በር ግን ጠባብ ነው። ከ2024-25 ጀምሮ ምርጫው የሚሠራው ኤንፒአይ በሚባል ቀመር ነው። ቀመሩ ማንን አሸነፋችሁ፣ በማን ተሸነፋችሁ ብሎ ይቆጥራል። የማን እጅ ተሰበረ ብሎ አይጠይቅም።

ትልልቆቹ ባሉበት ዲቪዥን አንድ ላይ የሚመርጡት ሰዎች ናቸው። ጉዳትም ያያሉ። በ2000 የሲንሲናቲው ኬንየን ማርቲን በኮንፈረንስ ቶርናመንት ላይ እግሩ ተሰበረ። በአገሪቱ አንደኛ ተብሎ የነበረው ቡድን፣ በብሔራዊው ቶርናመንት ድልድል አንደኛ እርከን ይጠበቅ የነበረው፣ ሁለተኛ እርከን ላይ ተመደበ። ቢሆንም ገባ። የትንሽ ኮሌጅ ቡድን ይህ ትራስ የለውም። ልጅዎ ቡድን ውስጥ ያለው ሂሳብ እንግዲህ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሁለት ወይ ሦስት ጨዋታ ማሸነፍ። እኔ ይህን እንደ መርዶ አላየውም። ያለ ዋናው ልጅ ሃያ ጨዋታ አሸንፉ ቢባል ከባድ ነበር። ሦስት ጨዋታ ግን ይቻላል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የኛ ልጅ የተጎዳው በጃንዋሪ መጨረሻ፣ ረቡዕ ማታ፣ ከሜዳችን ውጪ ነው። ማንም አልነካውም። ኳስ ይዞ ሲዞር ጉልበቱ ከዳው። ጩኸቱን እኔ ካለሁበት ሰማሁት። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

በማግስቱ አሰልጣኛችን ያደረገው ብዙ አሰልጣኝ የሚያደርገውን ነው። ኳሱን ለቡድኑ ሁለተኛ ምርጥ ልጅ ሰጠው። ለምን እንዳደረገው ይገባኛል፤ ሰው ሲጨንቀው የሚያምነውን ነው የሚጠራው። ግን የዚያ ልጅ ሥራ መተኮስ ነበር። ጥግ ላይ ቆሞ፣ ኳስ ሲደርሰው ወዲያው የሚለቅ ልጅ ነው። አሁን ኳሱን ከኋላ ይዞ መውጣት፣ ፕሬስ (ከኋላ ጀምሮ የሚጫን መከላከል) መስበር፣ የማጥቃት ቅንብሩን መጥራት፣ የተቃራኒውን ፈጣን ልጅ መያዝ ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እግሩ ይዝላል። እግሩ ሲዝል ከሦስት ነጥብ መስመር የሚለቀው ኳስ ያጥራል። አንድ ልጅ ተጎድቶብን ሁለት ልጅ አጣን።

ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ደብተሬን መልሼ ሳየው ዓይኔን የያዘው የነጥቡ ነገር አልነበረም። የተጎዳው ልጅ በጨዋታ አሥራ አንድ ነጥብ ገደማ ነበር የሚያገባው። እሱን ሌሎቹ ተከፋፍለው ሞልተውታል። ያልሞላው ሌላ ነው። ተቃራኒዎቻችን ድክመታችንን አንድ ጨዋታ አይተው አወቁት። ኳሱን ስናወጣ ሁለት ሰው ይልኩብናል። በየጨዋታው የምንነጠቀው ኳስ በእጥፍ ጨመረ። ረጅሙ ልጃችን ድሮ ኳስ የሚደርሰው ቅርጫቱ ሥር ቦታውን እንደያዘ ነበር። አሁን ራቅ ብሎ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ይደርሰዋል። ሰው "የረጅሙ ልጅ አቋም ወረደ" ይል ነበር። አቋሙ አልወረደም። ኳሱ በሰዓቱ አልደረሰውም።

ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ ረዳት አሰልጣኙ ቪዲዮውን ይዞ ገባና ሐሳብ አቀረበ። ኳሱ ለአንድ አንደኛ ዓመት ልጅ ይሰጥ አለ። ቀጭን፣ በጨዋታ አራት ደቂቃ እንኳ የማይገባ ልጅ ነበር። የተነገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ኳሱን መሃል መስመር አሳልፍ። ነጻ ለሆነው የመጀመሪያ ሰው ስጥ። ከዚያ ለመከላከል ቀድመህ ተመለስ። ተኳሹ ልጃችን ወደ ጥጉ ተመለሰ። ጨዋታውን አቀዘቀዝነው። ለተመልካች አያምርም ነበር፤ እኛ ግን መተንፈስ ጀመርን።

ኮንፈረንሱን አራተኛ ሆነን ጨረስን። በቶርናመንቱ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን። ግማሽ ፍጻሜ ላይ አንደኛውን ቡድን በሜዳው ጣልነው። ፍጻሜው ላይ በአራት ነጥብ ተሸነፍን። ወደ ብሔራዊው አልገባንም። ያ ቀን እስካሁን ያመኛል፤ የሚቆጨኝ ግን የፍጻሜው ሽንፈት አይደለም። መፍትሔው ወንበራችን ላይ ተቀምጦ ሳለ የጣልናቸው እነዚያ ሦስት ጨዋታዎች ናቸው። እነሱን ብናሸንፍ ፍጻሜው በሜዳችን ይሆን ነበር።

ይህ የኛ መንደር ታሪክ ብቻ እንዳይመስልዎት። ዴቪድሰንን ይውሰዱ። ኖርዝ ካሮላይና ያለ፣ ተማሪው 2,000 የማይሞላ፣ ግን ዲቪዥን አንድ የሚጫወት ኮሌጅ ነው። በ2008 ብሔራዊ ቶርናመንት ስቴፈን ከሪ ይዞት ጎንዛጋን፣ ጆርጅታውንን፣ ዊስኮንሲንን አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ገባ። በካንሳስ የተሸነፈው 59 ለ 57 ነው። በቀጣዩ ዓመት ከሪ አልሄደም፤ እዚያው ነበር። እንዲያውም በጨዋታ 28.6 ነጥብ እያገባ የአገሪቱ አንደኛ ሆነ። ግን ቡድኑ ወደ ትልቁ ቶርናመንት አልተመለሰም። ተመርቀው ከሄዱት ልጆች አንዱ ጄሰን ሪቻርድስ ነበር። ፖይንት ጋርዱ። በ2007-08 በአገሪቱ ብዙ ኳስ ለጎል ያቀበለው እሱ ነው፤ በጨዋታ 8.1። እሱ ሲሄድ ከሪ ኳስ ማውጣቱንም ማግባቱንም ደረበው። ዴቪድሰን በኮንፈረንሱ መደበኛ ውድድር 18 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። በኮንፈረንሱ ቶርናመንት ግማሽ ፍጻሜ ላይ በኮሌጅ ኦፍ ቻርልስተን ወደቀ፤ በቃ፣ በሩ ተዘጋ። አንድ መጥፎ ማታ ነው። ከሪን የመሰለ ልጅ እያለ ይህ ከሆነ፣ ኳስ የሚያወጣ ሰው ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል።

ዴቪድሰን ያን ዓመት ኤንአይቲ የሚባለው ሁለተኛው ውድድር ውስጥ ገብቶ የወጣው በሴንት ሜሪስ ተሸንፎ ነው። የሴንት ሜሪስ ታሪክ ደግሞ ለእናንተ በጣም ይቀርባል፤ ምክንያቱም ነገሩ የእጅ ስብራት ነው። ካሊፎርኒያ ሞራጋ ያለ ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ ነው። ጃንዋሪ 29 ቀን 2009 ጎንዛጋ ሜዳ ላይ ሲገባ 18 አሸንፎ 1 ብቻ የተሸነፈ ነበር። አውስትራሊያዊው ፓቲ ሚልስ የመጀመሪያውን አጋማሽ ሲያንበለብለው ቆየና ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በሊጉ ተንገዳገደ። ሚልስ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ለኮንፈረንሱ ቶርናመንት ተመለሰ። ፍጻሜው ላይ ግን በጎንዛጋ 83 ለ 58 ተሸነፉ። እሁድ ወደ ብሔራዊው የሚገቡት ስም ሲጠራ ሴንት ሜሪስ አልነበረበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። የተሰበረው ልጅ "እጫወታለሁ" ማለቱ አይቀርም። ሁሉም ይላሉ። አጥንት ቢገጥም እንኳ ኳስ የለመደ እጅ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ሚልስን የሚያህል፣ በኋላ በኤንቢኤ ዋንጫ ያነሳ ልጅ እንኳ ያን ማታ ኳሱ አልገባ ብሎታል። ቡድኑ "እሱ ይደርስልናል" እያለ ከጠበቀ ለልጅዎ የሚገባው ልምምድ ይባክናል።

አሁን ለእርስዎ ከሁሉ በላይ የምወደውን ክፍል ልንገርዎት። ሚልስ ከሴንት ሜሪስ ወጣ፤ በ2009 የኤንቢኤው ቡድን ፖርትላንድ በ55ኛ ምርጫ ወሰደው። ሁሉም ሴንት ሜሪስ አለቀለት አለ። በ2010 ግን የኮንፈረንሱ ፍጻሜ ላይ ያንኑ ጎንዛጋን 81 ለ 62 አሸንፎ ወደ ብሔራዊው ገባ። ሪችመንድን ጣለ። ቀጥሎ ሁለተኛ እርከን የነበረውን ቪላኖቫን ጥሎ ከመጨረሻዎቹ አሥራ ስድስት ደረሰ። ረጅሙ ኦማር ሳምሃን ቪላኖቫ ላይ 32 ነጥብ አገባ። ኳሱን ያወጣ የነበረው ደግሞ ሚኪ ማኮኔል ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሰሌዳውን ነክታ የገባችው ሦስት ነጥብ የእሱ ናት። ይህ ልጅ ሚልስ ሲጎዳ ልክ እንደ ልጅዎ ሁለተኛ ዓመት ነበር። በ2011 የኮንፈረንሱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2009 ያን ሁሉ ሽንፈት ሲቀበል ያየው ሰው ይህን አይገምትም ነበር።

አንዳንድ ሰው ስለ ሃንክ ጋዘርስ ያነሳልዎት ይሆናል። የሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር፣ 1990። ልጁ ማርች 4 በኮንፈረንስ ቶርናመንት ሜዳ ላይ ወድቆ ሞተ። ቶርናመንቱ ተሰረዘ፤ የብሔራዊው ቦታ ለእሱ ቡድን ተሰጠ። ከዚያ ሚሺጋንን 149 ለ 115 አሸንፈው ከመጨረሻዎቹ ስምንት ደረሱ። ጓደኛው ቦ ኪምብል የመጀመሪያ ነጻ ውርወራውን ለእሱ መታሰቢያ በግራ እጁ ይወረውር ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ግን "ሐዘን ጉልበት ሰጣቸው" ብሎ ለልጆች መንገር ደስ አይለኝም። ያ ቡድን በጨዋታ 122.4 ነጥብ የሚያገባ፣ አምስቱም የሚሮጡበት፣ አሠራሩ በአንድ ሰው እጅ ላይ ያልተንጠለጠለ ነበር። ጄፍ ፍራየር ሚሺጋን ላይ 11 ሦስት ነጥብ ያገባው ሁልጊዜ ሲያደርገው የነበረውን ሥራ ስለሠራ ነው። ለልጅዎ "ለጓደኛህ ስትል አሸንፍ" የሚል ሸክም አይጨምሩበት።

በመጨረሻ "ሁለት ልጆች ደግሞ በጸደይ ሊዛወሩ ነው ይባላል" ብለዋል። እሱን ለጊዜው ይተዉት። የዘመኑ በሽታ ነው፤ ከ2021 ወዲህ ልጆች ዓመት ሳይቀመጡ መዛወር ስለቻሉ ትንንሽ ቡድኖች በየጸደዩ ይራቆታሉ። ትንሹ ሴንት ፒተርስ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ብሔራዊ ቶርናመንት ኬንታኪንና ፐርዱን ጥሎ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ገባ፤ በሳምንታት ውስጥ አሰልጣኙም ዋና ዋና ልጆቹም ሄዱ። በ2024 በሌላ አሰልጣኝ ወደ ብሔራዊው ተመልሶ ገባ። ሁለት ዓመት ፈጀበት።

ለልጅዎ የምለው ይህ ነው። የተጎዳውን ልጅ ነጥብ ለመተካት አይሞክር። ማንም እሱን አልጠየቀውም። ኳሱን በሰላም መሃል መስመር ያሳልፍ፤ ሁለት ሰው ሲመጣበት ወደ ጎን አይሽሽ፣ ቆም ብሎ ከላይ ያቀብል። ለአሰልጣኙ "የትኞቹን ሦስት አራት የማጥቃት ቅንብሮች ልወቅ?" ብሎ ይጠይቅ፤ አሥር ቀን ለሃያ አይበቃም፣ ለአራት ይበቃል። ረጅሙ ልጅ ኳስ የት መቀበል እንደሚወድ ሄዶ ይጠይቀው። ከልምምድ በኋላ ሃያ ደቂቃ አብረው ይቆዩ። እርስዎ ደግሞ ሲደውልልዎት ስለ ጨዋታው አይጠይቁት። በልቷል ወይ፣ ተኝቷል ወይ፣ ይበቃል።

አንድ ነገር ቀረኝ። የኛ ተጎጂ ልጅ በክራንች እየመጣ ከእኔ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ተቃራኒው አሰልጣኝ ጮሆ የሚጠራውን ቅንብር ሁሉ ያውቀዋል። ኳስ በቆመ ቁጥር ያንን ቀጭን ልጅ ይጠራውና ጆሮው ላይ ይነግረዋል፦ "አሁን በቀኝ ነው የሚመጡት።" ግማሽ ፍጻሜው ላይ ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረገ አልቆጠርኩም፤ መቁጠር ነበረብኝ። ልጅዎ እጁ የተሰበረውን ልጅ ዛሬ ማታ ይደውልለት። አጠገቡ እንዲቀመጥለት ይጠይቀው።