ሕጉ ቡቺን የሚያየው እንደ ሻንጣ ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እናቴ ከስድስት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ትመጣለች። ቡቺን፣ የሦስት ዓመት ውሻችንን፣ ይዛልኝ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ አለው፤ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ ቁጥር) ግን የለውም። አንድ ወዳጄ «በፍራንክፈርት ታዙርና ከጀርመን መጣ ትበል» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ጭንቀት የሚያረጋጋ የስሜት ደጋፊ ውሻ ነው የሚል ደብዳቤ ኢንተርኔት ላይ ግዢ፤ በነፃ ይሳፈራል» አለችኝ። ምን ይሻለኛል? መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ ተጠያቂው ማነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የማይወዱትን አስቀድሜ ልንገርዎት። በስድስት ሳምንት ውስጥ ቡቺ ደለስ አርፎ በዚያው ቀን ቤትዎ ሊገባ አይችልም።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከኦገስት 1, 2024 ጀምሮ የውሻ ማስገቢያ ደንቡን አጥብቋል። ከየትም አገር ይምጣ፣ ውሻው ስድስት ወር የሞላው፣ ሲታይ ጤነኛ የሆነና ቺፕ ያለው መሆን አለበት። በኢንተርኔት የሚሞላ የማስገቢያ ፎርምም አለ፤ ክፍያ የለውም፤ የቡቺን ፎቶ ያስገቡበታል፤ ደረሰኙን እናትዎ ይይዛሉ። ኢትዮጵያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ በውሾች ላይ በስፋት አለባቸው ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ጣጣው ይጨምራል።

ያ የክትባት ካርድ አያድንዎትም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቺፑ ከክትባቱ መቅደም አለበት። ቺፕ ሳይኖረው የተወጋው ለዚህ ጉዳይ እንዳልተወጋ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሐኪሙ ቺፑን ያስገባ፣ በማንበቢያው ቁጥሩን ያረጋግጥ፣ ከዚያ እንደገና ይክተበው። ሁለቱም በአንድ ቀን ቢሆኑ ችግር የለውም፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ እንዳይዛባ።

ቀጥሎ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ አለ። ደሙ የሚቀዳው ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ፣ አሜሪካ ከመግባቱ ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን በፊት ነው። ናሙናው ሲዲሲ ወደሚቀበለው ላብራቶሪ ይላካል። በእኛ አቆጣጠር ቺፑና ክትባቱ መስከረም 1 ቢሆኑ ደሙ ከጥቅምት 1 በፊት አይቀዳም፤ ቡቺም ከጥቅምት 29 በፊት አይገባም። ይህ አንድም ቀን ሳይባክን ነው። ላብራቶሪው፣ ፖስታው፣ ሐኪሙ የሚሞላው የክትባትና የቺፕ ማረጋገጫ፣ በላዩ ላይ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ፊርማና ማኅተም ሲደመሩ ሦስት ወር ቢይዙ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን፣ ሲዲሲ በመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ለቡቺ አስቀድመው ቦታ ማስያዝ አለብዎት። እዚያ ይመረመራል፣ ድጋሚ ይከተባል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ውሻው የሚገባውም እንዲህ ያለ ማቆያ ባለበት ኤርፖርት ብቻ ነው፤ ደለስ አንዱ ነው። የደም ምርመራ ውጤት ከሌለው ግን በራስዎ ወጪ 28 ቀን ኳራንቲን ይቆያል። ቀኑን መግፋት ካልቻሉ ያለዎት ሕጋዊ አማራጭ ይኸው ነው፤ ኪስ ያራቁታል። እኔ ብሆን የእናቴን ትኬት ቀን አስቀይር ነበር።

«ከጀርመን መጣ» የሚለው ነገር ይቅርብዎት። ፎርሙ የሚጠይቀው ውሻው ባለፉት ስድስት ወራት የት የት እንደነበር ነው። ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን መቀየር አዲስ አበባን አይሰርዘውም። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት እያወቁ ሐሰት መሙላት ደግሞ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። እና ያንን ወረቀት ይዘው ኬላው ላይ የሚቆሙት እርስዎ አይደሉም፤ እናትዎ ናቸው።

የስሜት ደጋፊ ደብዳቤውም ጊዜው አልፎበታል። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንቡን ቀይሮ፣ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አየር መንገዶች እንዲህ ያለውን ውሻ እንደ ማንኛውም የቤት እንስሳ ማየት ይችላሉ። አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነ ውሻ እንኳ ከሲዲሲ ደንብ አያመልጥም። ደብዳቤ ሻጮቹ ይህን አይነግሩዎትም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ አንድ ነገር ቢሆንስ? ኢትዮጵያም አሜሪካም በዓለም አቀፍ በረራ የአየር መንገድን ተጠያቂነት የሚወስነው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናቸው። በ2019 አንዲት መንገደኛ ከቦነስ አይረስ ወደ ባርሴሎና ስትበር ውሻዋ ወደ አውሮፕላኑ ሲወሰድ አምልጦ ጠፋ። በአይቤሪያ አየር መንገድ ላይ 5,000 ዩሮ ካሳ ጠየቀች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2025 እንዳለው፣ በስምምነቱ ዓይን ውሻውም ሻንጣ ነው፤ ካሳው ከሻንጣ ጣሪያ አያልፍም። ውሳኔው የአሜሪካን ዳኞች አያስርም፤ የሚተረጉሙት ስምምነት ግን ያው ነው። እኔ በበኩሌ ያንገበግበኛል፤ ግን ጽሑፉ እንዲህ ነው።

ጣሪያው አሁን 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር አይኤምኤፍ የሚጠቀምበት የገንዘብ መለኪያ ሲሆን ይህ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ቡቺ ብቻውን በካርጎ ከተላከ ደግሞ ስሌቱ በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው። ከነኬጁ 20 ኪሎ ቢመዝን 520 ኤስዲአር፣ ያውም ከ1,000 ዶላር በታች። ስለዚህ እናትዎ ቀድመው ይምጡና ውሻው በኋላ ይላክ የሚለው ሐሳብ ከመጣ ይህን ያስቡበት።

ጣሪያውን የሚያነሳ መንገድ አለ። ውሻው ለአየር መንገዱ ከመሰጠቱ በፊት ከፍ ያለ ዋጋውን በጽሑፍ ማስመዝገብና የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ መክፈል ነው። ያች የአይቤሪያ መንገደኛ ይህን አላደረገችም። ካውንተር ላይ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ማለት ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድመው በኢሜይል ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉም እምቢታው በጽሑፍ ይሁን።

ደለስ ላይ ሲረከቡት የመረከቢያውን ወረቀት ሳይፈርሙ ኬጁን ከፍተው ቡቺን በደንብ ይዩት። ጉዳት ካለ ፎቶ ያንሱና በሻንጣ ለመጣ በ7 ቀን፣ በካርጎ ለመጣ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክቱ። ክስ የሚመሠረተው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ደብዳቤ ሲጻጻፉ መክረም ይህን ጊዜ አያቆመውም።